መዋጮው፣ ደረሰኙና የቀበሌው ስብሰባ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብና ፋይናንስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)

የሂሳብና ፋይናንስ ኮሚቴው በየዓመቱ እዚህ ቆሞ የሚያነበው ቁጥር ነው። የዘንድሮው የቁጠባ፣ የብድርና የማኅበራዊ ፈንድ ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስለ ገባ እሱን ደግመን በማንበብ አናሰለቻችሁም። ዛሬ የምንናገረው በሪፖርቱ ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው። ገጽ ሦስትን ግለጡልን። ከታች ሁለተኛዋ መስመር «ካቻምና ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ልማት የተከፈለ መዋጮ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት» ትላለች። የደረሰኝ ቁጥር በሚጻፍበት ዓምድ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። የቁጥጥር ኮሚቴው ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀይ ምልክት አድርጎባታል። ልክ ነው። ጥፋቱም የእኛ የሂሳብ ሰዎች ነው። እንዴት እንደ ደረሰ ልንነግራችሁ፣ ከዚያም ዛሬ ልንወስነው ስለሚገባን ጉዳይ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ደብረ ብርሃን በጣም ትልቅ ከተማ ባትሆንም ስብሰባና ዘመቻ አያጣትም። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን ሳታልፍ የምትቀርበት ሳምንት የለም። አንድ ሳምንት የጽዳት ዘመቻ ነው፤ ሌላ ሳምንት የችግኝ ተከላ ነው፤ ሌላ ጊዜ የነዋሪዎች ውይይት፣ የክትባት ቀን፣ የጤና መድን ምዝገባ ነው። የደመራና የጥምቀት ዝግጅት ሲደርስ ደግሞ ወጣቱም አዛውንቱም ይወጣል። እኛ ሴቶች በጽዳቱ መጥረጊያ ይዘን፣ በበዓሉ ዳቦ ጋግረን፣ ቡና አፍልተን እንገኛለን። ስብሰባ ሲሆን ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ «እሱን የሚሰሙ ይስሙት» ብለን ወደ ገበያችን ወይም ወደ ምጣዳችን እንሄዳለን። ጊዜ የለንማ። ከጠዋት እስከ ቀትር ስብሰባ የተቀመጠች ሴት የዕለቱን ሽያጭ አጥታ ነው የምትመለሰው።

ካቻምና የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል የሰፈሩ የልማት ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ኮብልስቶን እናነጥፋለን፣ ከጎኑም የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንሠራለን ብሎ መዋጮ ሰበሰበ። መንገዱን የምናውቀው ነው፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይነጥቃል፣ ነፍሰ ጡር ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ደስ ብሎን አዋጣን። በእጃቸው ገንዘብ ላልነበራቸው አባሎቻችን ማኅበሩ ከማኅበራዊ ፈንዱ ከፈለላቸው። የተሰጠን ማስረጃ ከደብተር የተቀደደ፣ ማኅተም የሌለው፣ አንድ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነበር። ተቀበልነው። ገንዘብ የሰበሰቡት ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ በለቅሶና በሰርግ አብረን የምንቆም ሰዎች ናቸው። በሰፈር ሰው ላይ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መሰለን።

ድንጋዩ እስከ መንገዱ እኩሌታ ተነጠፈ። ቦዩ ግን አልተቆፈረም። ኮሚቴው ገንዘቡ አልቋል አለ፤ ሰብሳቢውም በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጡ። ክረምቱ ሲገባ ድሮ በየጭቃው ይበተን የነበረው ውሃ በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ተሰብስቦ እየተንደረደረ ወረደና መንገዱ በሚያበቃበት ቦታ ያለች የአንዲት አባላችን ቤት ገባ። ይህች እህታችን እንጀራ እየጋገረች ነው ልጆቿን የምታስተምረው። በብድር የገዛችው ጤፍ ራሰ፣ ምጣዱ ተሰነጠቀ፣ ያደረቀችው ኩበትም በጎርፍ ሄደ። የዚያን ጊዜውን ብድር ለመክፈል ስድስት ወር ተጨማሪ ጊዜ የሰጠናት ለዚህ ነው።

አቤት ልንል ሄድን። ያነጋገሩን ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበሩ፤ አላመናጨቁንም። የጠየቁን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። «ለማን ከፈላችሁ? ደረሰኙስ የት አለ?» የደብተሩን ቅዳጅ አወጣን። አገላብጠው አዩትና መለሱልን። በመዝገባቸው ላይ የእኛ መዋጮ አልገባም፤ ቦዩም በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ የለም። የሰው ሂሳብ ስንመረምር የምንውል ሰዎች የራሳችንን ሳንመረምር ቀርተን በዚያ ወንበር ላይ መልስ አጥተን ተነሣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የከተማው ገንዘብ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ መጠየቅ የጀመርነው። የተማርነውን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ለእያንዳንዳችን ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። እኛ አቤቱታ ይዘን የምንሄደው ቤታችን ጎርፍ ሲገባ፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ በጀቱ ጸድቋል፣ ገንዘቡም ለየሥራው ተደልድሏል። የሚሰማን ሰው ቢያዝንልን እንኳ የሚሰጠን ነገር የለውም። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀውና የሕዝብ ፍላጎት የሚሰበሰበው ቀደም ብሎ፣ በበጋው ወራት ነው። እኛ ገና አቧራው ላይ ቆመን ስለ ጎርፍ መናገር አለብን ማለት ነው። አሁን የካቲት ነው፤ ጊዜው አሁን ነው።

ሁለተኛ፣ ከተማው የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ትምህርትና ጤናን የመሳሰሉት በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማ ይሠራሉ። የውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ የገበያ ቦታ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው፤ ገንዘባቸውም የሚመጣው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ይህ ገቢ የመሬት ሊዝና ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ በገበያ ላይ ለምንይዘው መደብ የምንከፍለው ሁሉ ነው። ስለዚህ ቦይ ይሠራልን ስንል ምጽዋት እየጠየቅን አይደለም። ሽንኩርት የምትሸጠው እህታችንም ለዚያ ቦይ ከፍላለች።

ሦስተኛ፣ ለመንግሥት ካዝና የሚገባ ገንዘብ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ያለው ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በመሥሪያ ቤት አካባቢ «ሞዴል 64» ሲሉ የምትሰሙት እሱን ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ ከተቆረጠ ገንዘቡ በመዝገብ ገብቷል፤ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ኦዲተርም ያየዋል። ካልተቆረጠ ግን ማንም አያውቀውም። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ገንዘቡን የተቀበለውን ጎረቤት ከሐሜት የሚያድነው ደረሰኙ ነው። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ እኛም ገንዘባችንን፣ የኮሚቴው ሰዎችም ስማቸውን ባላጡ ነበር።

ሕጉ ደግሞ ከጎናችን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ሴቶች በልማት ፖሊሲዎች ዕቅድና በፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ፣ በተለይም ጥቅማቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ፣ ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ወረዳዎችና ከተሞች በጀታቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉበት አሠራርም ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰሌዳውን ቆሞ የሚያነብ ሲጠፋ ወረቀቱ ፀሐይ ይበላዋል እንጂ።

ይህን ሁሉ ስንናገር በየቡድኑ የተነሡትን ሥጋቶች አልዘነጋንም። «ማኅበራችን ለቁጠባ እንጂ ለሙግት አልተቋቋመም» ያላችሁን አላችሁ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብላችሁ የተረታችሁም አላችሁ። እኛም ስንጀምር ፈርተን ነበር። ነገር ግን ማንንም አልከሰስንም። የጠየቅነው ስለ ዕቅድና ስለ ሂሳብ ነው፤ እሱንም በማኅበራችን ማኅተም፣ ግልባጭ ይዘን። ከአንዱም ወገን ሳንሆን መጠየቅ እንደሚቻል በዚህ ዓመት አይተናል። አባቶች ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ የእኛ ደጃዝማችነት ቦይና ውሃ ነው።

መቅረታችን ምን እንደሚያስከፍለን አንድ ምሳሌ እንጨምር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ አገልግሎት ነው። ቤተሰቡ በምዝገባው ወቅት መዋጮውን ከፍሎ ካላደሰ ዓመቱን ሙሉ አይታከምበትም። ካለፈው ዓመት ምዝገባ በፊት በቀበሌ ስለ ቀኑ ሲነገር ከአንደኛው ቡድናችን ማንም አልነበረም። አንዲት አባላችን ቀኑ አለፈባት። ከሁለት ወር በኋላ ልጇ ታሞ ሲተኛ የሕክምናውን ወጪ ከማኅበራዊ ፈንዱ ተበድራ ከፈለች፤ እስካሁንም እየከፈለች ነው። ያ ግማሽ ቀን ስብሰባ ቢጠፋባት ይሻላት ነበር ወይስ ይህ ብድር? ሂሳቡን ለእናንተ እንተወዋለን።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት አንድ አሠራር ዘረጋን። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች በየተራ ስብሰባ ይሄዳሉ። አንዷ ብቻ ከሄደች ትፈራለችና ሁለት ይሁኑ አልን። በዚያን ቀን የሄዱትን ሴቶች ዕቃ የሚሸጡላቸው፣ ምጣዳቸውን የሚጥዱላቸው የቡድኑ አባላት ናቸው። አበል ይከፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። አበል ሲቆም መሄዱም ይቆማል። የሄዱት በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን የሰሙትን ለቡድኑ ይናገራሉ፤ ጸሐፊዋም በቃለ ጉባኤው ትመዘግባለች።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ቀላል አልነበሩም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ «ሴቶችም ሐሳብ ስጡ» የሚባለው ሰው ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነበር። በሦስተኛው ስብሰባ ከእኛ መካከል አንዲት እናታችን፣ ማንበብና መጻፍ ገና በማኅበራችን የተማሩ፣ እጃቸውን አወጡና እንዲህ አሉ። «ልጆቼ፣ ዕቅዱ መልካም ነው፤ እኔ የምጠይቀው የአምናውን ነው። አምና ይሠራሉ ከተባሉት ስንቱ ተሠራ?» አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ወጣት፣ ከዚያ አንድ የዕድር ዳኛ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። በሚቀጥለው ስብሰባ የዓመቱ አፈጻጸም አስቀድሞ እንዲነበብ ተደረገ። አንዲት ጥያቄ ይህን ያህል ትሠራለች።

ሌላው የተጠቀምንበት መንገድ የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባለው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች በየወገናቸው፣ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ አረጋውያን ለብቻ፣ ተቀምጠው ለአገልግሎቱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ምክንያቱንም ይናገራሉ። አገልግሎት ሰጪዎቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኙና ማን ምን በስንት ቀን ይሠራል የሚል ዕቅድ አብረው ያወጣሉ። እኛ በሰፈራችን ቦኖ ውሃ ላይ ሞከርነው። ወንዶቹ አራት ሰጡት፤ ሴቶቹ ሁለት። ለምን ሲባል ወንዶቹ ውሃው ጥሩ ነው አሉ፤ እውነት ነው፣ ውሃው ጥሩ ነው። ሴቶቹ ግን ቦኖው የሚከፈተው ገበያ በምንውልበት ሰዓት ነው አሉ። ጄሪካኑን የምትሸከመው ማን እንደሆነች ነጥቡ ተናገረ።

ፊት ለፊት ስንገናኝ የቦኖው ሠራተኛም የራሷ ችግር ነበራት። ደመወዟ ከሚሸጠው ውሃ ነው፤ ቀን ላይ ደግሞ የውሃው ግፊት ይደክማል። እኛ ሰነፍ ነች እያልን ስናማት ከርመን ነበር፤ አፈርን። አሁን ቦኖው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ይከፈታል። ግፊቱም በእነዚህ ሰዓታት ይሻላል፤ ሽያጩም ጨምሮላታል። ለዚህ ለውጥ አንድ ብር አልወጣም።

ወደ ቦዩ እንመለስ። ዛሬ የምትወስኑት እሱን ነው። ከደጋፊዎቻችን አንዱ ታሪኩን ሰምቶ የቦዩን ሙሉ ወጪ ልሸፍን ብሎ ጽፎልናል። ከልብ እናመሰግናለን። ኮሚቴያችን አምስት ነን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ተከፍለናል። ሁለታችን እንቀበል አልን። ክረምቱ አይጠብቅም፤ የእህታችን ጤፍ ሁለተኛ መርጠብ የለበትም ነው ምክንያታችን። ሦስታችን ሙሉውን አንቀበል አልን። ቦይ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ እኛ ከሠራነው ከዕቅድ ይወጣል። ከዕቅድ የወጣ ነገር ጠራጊ የለውም፣ ጠጋኝ የለውም፤ በሁለት ክረምት በደለል ይሞላል። ደጋፊ የሌላቸው የጎረቤት ሰፈሮችስ ምን ይማራሉ?

ክርክሩ ሳይቋጭ ቤቷ ጎርፍ የገባባትን እህታችንን ጠርተን ጠየቅናት። እሷም፣ «ቦዩን ማንም ይቆፍረው፤ ብቻ በየዓመቱ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ይታወቅ» አለችን። ከዚህ በኋላ አምስታችንም በሚከተለው ሐሳብ ተስማማን፤ ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቦዩ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ እንዲገባ፣ ጥገናውም እንዲያዝለት የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበራችን ስም በዚህ ወር ይግባ፤ የተቀበለው ክፍል በግልባጩ ላይ ቁጥርና ቀን ጽፎ ይፈርምበት። የሰፈሩ ዕድሮችም እንዲፈርሙ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ደጋፊያችን ሊሰጡን ያሰቡት ገንዘብ የነዋሪው ድርሻ ሆኖ በማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ለብቻው ይቀመጥ። የሚወጣው ቦዩ በጸደቀው ዕቅድ ውስጥ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ ሦስታችን ማለትም ማኅበሩ፣ ደጋፊውና ሥራውን የሚሠራው አካል ስንፈራረም፣ ሕጋዊ ደረሰኝም ሲቆረጥ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ዕቅዱ ቢጸድቅ እንኳ የዘንድሮው ክረምት ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ግንቦት ከማለቁ በፊት በሁለት ቅዳሜዎች ተሰብስበን፣ ባሎቻችንንና ልጆቻችንን ይዘን፣ በእህታችን ቤት ዙሪያ ጊዜያዊ የውሃ መቀልበሻ እንቆፍር፤ አሸዋ የተሞላ ጆንያም እንደርድር። ይህ ዘላቂ መፍትሔ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ጤፏን ያድናል።

አራተኛ፣ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ቢቀር በሐምሌ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ ነገሩን እንደገና እንመልከተው። ያን ጊዜ የደጋፊያችንን ገንዘብ በቀጥታ እናውል የሚሉት ሁለታችን ሊረቱ ይችላሉ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ስለ እኛ ስትጽፉ ስንት ሴት ቆጠበች፣ ስንት ብር ተበደረች ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ መልካም ነው፣ ቁጥሩን የምንሰጣችሁ እኛው ነን። ነገር ግን አንዲት ሴት በአዳራሽ ውስጥ ተነሥታ የአምናውን ስትጠይቅ በየትኛው ዓምድ እንደምንመዘግባት አላወቅንም። እሷን የሚያፈራ ሥልጠና፣ በተለይም በጀት የማንበብ ሥልጠና፣ ከገንዘብ ስጦታ የበለጠ ይቆይልናል።

ያቺን የሰረዝ መስመር ከሂሳቡ አንሰርዛትም። ገንዘቡ በማስረጃ እስኪወራረድ ድረስ ወይም ጉባኤው በኪሳራ ይዘጋ ብሎ እስኪወስን ድረስ በየዓመቱ በገጽ ሦስት ላይ ትኖራለች። ከእንግዲህ ግን ሌላ ሰረዝ እንዳይጨመር ኃላፊነቱን እንወስዳለን። ከማኅበሩ የሚወጣ ማንኛውም መዋጮ፣ ለሰፈር ይሁን ለበዓል፣ ያለ ደረሰኝ አይከፈልም። ጎረቤት ቢቀየመን ይቅርታ እንጠይቃለን እንጂ አንከፍልም።

የሚቀጥለው የነዋሪዎች ውይይት በመጪው ቅዳሜ ነው። ተራው የሦስተኛውና የአምስተኛው ቡድን ነው። ዕቃችሁን የሚሸጥላችሁ ማን እንደሆነ ዛሬ ሳትወጡ ተነጋገሩ። አሁን ጥያቄና አስተያየት ካላችሁ እንቀበላለን፤ ከዚያ በአራቱ ሐሳቦች ላይ እጅ በማውጣት እንወስናለን።